የሕፃን ጋሪ ስንገዛ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ልጄ ሊወለድ ሁለት ወር ሲቀረው እህቴ ከአሜሪካ ትልቅ ጋሪ ላከችልኝ። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ አየልኝ። የምንኖረው ግን ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከወለድኩ በኋላ ባለቤቴ ከሌለ ጋሪውን ማውረድ አልቻልኩም፤ ክትባት እንኳ ልጄን ታቅፌ ነው የሄድኩት። ከዚያ ወዲህ ነፍሰ ጡር ጓደኞቼ «የትኛውን ልግዛ?» ባሉኝ ቁጥር የምሰማቸው የተሳሳቱ ሐሳቦች ተመሳሳይ ናቸው።

«ውዱ ይሻላል»

ውድ ጋሪዎች ምቹ ናቸው፤ ብዙዎቹ ግን ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ስምንት ኪሎ የደረሰ ልጅ ሲጨመርበት ደረጃ ይዞት መውጣት ከባድ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት ቤቱና መንገዱ ነው። ስንት ደረጃ አለ? በሩ ስንት ሴንቲ ሜትር ይሰፋል? ጋሪው ታጥፎ ታክሲ ውስጥ ይገባል?

የኮብልስቶን መንገድ ለብቻው ይታሰብበት። ትንንሽ የፕላስቲክ ጎማዎች ድንጋዮቹ መሃል ይሰነቀራሉ። የፊት ጎማው ሲያዝ ጋሪው ድንገት ቀጥ ይላል፤ ልጁ ወደ ፊት ይወረወራል። ትከሻውንና ወገቡን የሚይዘው ቀበቶ ለአጭር መንገድም መታሰር ያለበት ለዚህ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰፈር ተለቅ ያለ፣ ንፋስ የሚሞላ ወይም ለስላሳ የላስቲክ ጎማ ምረጡ። ትንሽ ጎማ ያለው ከሆነ መጥፎው ቦታ ላይ ጋሪውን አዙሮ በኋላ ጎማው መጎተት ይቀላል።

«ቀላሉ ታጣፊ ጋሪ ከተወለደ ቀን ጀምሮ ይሆናል»

እንደ ጃንጥላ የሚታጠፈውን ጋሪ በ1965 የሠራው የአውሮፕላን መሐንዲስ የነበረው እንግሊዛዊው ኦወን ማክላረን ነው። ከ3 ኪሎ የማይበልጥ መሆኑ ለብዙ እናቶች እፎይታ ነበር። ግን አብዛኛው እንዲህ ያለ ጋሪ ጀርባው እስከ መጨረሻ አይዘረጋም። አራስ ልጅ አንገቱን አያጸናም፤ አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ ትንፋሽ ያጥረዋል። እስከ ስድስት ወር አካባቢ ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ ይሁን። ጋሪው ላይ የሚገጠመው የመኪና ወንበርም ያው ነው፤ ለመኪና የተሠራ ስለሆነ ስትደርሱ ልጁን አውጥታችሁ በጀርባው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስተኙት።

«ንፋስ እንዳይመታው ጋሪውን በነጠላ መሸፈን ነው»

ይህኛው ከፍቅር የሚመጣ ነው፤ የብርዱና የዓይኑ ስጋት አለ። እናቴም ከቤት ስንወጣ ጋሪውን ከላይ እስከ ታች በነጠላ ትሸፍነው ነበር። አንድ ቀን የቀትር ፀሐይ ላይ እጄን ከነጠላው ስር ባስገባ የልጄ ማጅራት በላብ ርሷል፣ ፊቱ ቀልቷል። «እማዬ፣ ንኪው እስቲ» አልኳት። ነክታው ደነገጠች፤ ነጠላውን ራሷ ገፈፈችው። ስስ ጨርቅ ቢሆንም አየር እንዳይዘዋወር ስለሚያግድ ውስጡ በደቂቃዎች ይግላል፤ ልጁም አይታይም። የጋሪው ጥላ ይበቃል። ጥላው ሰፊና ወደ ታች የሚወርድ መሆኑን ሱቅ ውስጥ ዘርግታችሁ እዩ። ብርድ ከሆነ ልጁን አልብሱት እንጂ ጋሪውን አትሸፍኑት።

«ፊቱን ወደ መንገዱ ካላዞረ ይሰለቸዋል»

በ2008 በስኮትላንድ የደንዲ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጥናት፣ ልጆቻቸው ወደ እነርሱ ዞረው የሚቀመጡ ወላጆች ከሌሎቹ ከእጥፍ በላይ ልጆቻቸውን ያዋሩ ነበር። ወንበሩ በሁለቱም በኩል የሚገጠም ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት ወደ እናንተ አዙሩት።

«ጋሪ ካለ አንቀልባ ምን ያደርጋል?»

ገበያ መሃል፣ ጭቃ ላይ፣ ደረጃ ላይ አንቀልባን የሚተካ ጋሪ አላየሁም። ሁለቱም ይኑሩ፤ በሁለቱም ግን ልጁ ለረጅም ሰዓት አይታሰር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ሕፃን በጋሪም ሆነ በጀርባ ታስሮ በአንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል።

ልትገዙ ስትሄዱ ሌላኛው እጃችሁ ልጅ እንደያዘ አድርጋችሁ ጋሪውን በአንድ እጅ ዘርጉት፣ እጠፉት። ስትዘረጉትና ስታጥፉት የልጅ ጣት ከማጠፊያው ይራቅ፤ በ2009 አሜሪካ ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ የማክላረን ጋሪዎች ማጠፊያቸው የልጆች ጣት በመቁረጡ ምክንያት ለማስተካከያ በአምራቹ ተጠርተዋል። የገበያ ፌስታል እጀታው ላይ አይንጠልጠል፤ ልጁ ሲነሳ ጋሪው ወደ ኋላ ይገለበጣል።