ኤልያስ መጀመሪያ ተኛ፣ ከዚያም በላ

በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል» ብሎ ሞቱን ሲለምን እግዚአብሔር ያደረገለትን በቅደም ተከተል አንብቡት። ተግሣጽ አልመጣለትም፤ እምነትህ የት ሄደ ያለውም የለም። ነቢዩ ተኛ። መልአኩ ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው፤ እንጎቻና ውኃ በራስጌው ነበረ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ጊዜ ቀስቅሶ አበላው፤ ምክንያቱንም ነገረው፦ የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነው። «ኤልያስ ሆይ፥ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የተጠየቀው 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው።

እኛ ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን እናደርጋለን። የዛለ ወንድም ወይም እህት ስናይ ተጨማሪ ጸሎት፣ ተጨማሪ ጾም፣ ተጨማሪ አገልግሎት እናዝዛለን። ጸሎትን የሚተካ የለም። ሆኖም ለሦስት ሳምንት በቀን 4 ሰዓት ብቻ ሲተኛ የከረመ ሰው ጸሎቱ ቢደርቅበት፣ ሕመሙ የመንፈስ ብቻ ነው ብሎ መፍረድ ኤልያስን ያለ ምግብ ወደ ኮሬብ መስደድ ነው። ምናልባት እርሱን የሚያሻው አንድ ሙሉ ሌሊት እንቅልፍ ይሆናል።

ጭንቀት በሥጋችን ውስጥ የሚሠራውን ማወቅ ደግሞ ራሳችንን በከንቱ ከመክሰስ ያድነናል። ስጋት ሲገጥመን አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ኮርቲሶል የሚባለው ሌላ ሆርሞን ደግሞ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ አድርጎ ጉልበት ያዘጋጃል። ይህ ፈጣሪ ከአደጋ እንድናመልጥ የሰጠን ነው፤ ኃጢአት አይደለም። አደጋው ቶሎ ሲያልፍ ሰውነትም ይረጋጋል። ወራት የሚዘልቅ የዕዳ፣ የሥራ ወይም የትዳር ጭንቀት ግን ይህን ዝግጅት ያለ ፋታ ያቆየዋል። ያኔ ትከሻ ይከብዳል፣ ጥርስ በእንቅልፍ ይፋጫል፣ ጨጓራ ይታወካል፣ በጥቂቱ መቆጣት ይመጣል፤ ቃሉንም ከፍተን አንዱን ቁጥር ሦስት ጊዜ እናነባለን፣ አይገባንም።

እንግዲህ በእጃችን ካለው እንጀምር፤ ከትንፋሽ። የልብን ምት በቀጥታ «ቀስ በል» ብለን ማዘዝ አንችልም፤ ትንፋሽን ግን እንችላለን፣ ልብም ይከተለዋል። አየር ስናስገባ የልብ ምት ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይዘገያል። በዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ እስከ ልብና አንጀት የሚወርደው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ስለዚህ የማስወጫው ጊዜ ከማስገቢያው መርዘም አለበት።

ጀርባችሁን ደግፋችሁ ተቀመጡ፤ ሁለቱም እግሮች መሬት ይርገጡ። አንዱን እጅ ደረት ላይ፣ ሌላውን እምብርት አካባቢ አድርጉ። አፍን ዘግታችሁ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ ሳቡ። ከፍ ማለት ያለበት ሆድ ላይ ያለው እጅ ነው፤ የደረቱ እጅ ብዙ ከተነሣ አተነፋፈሱ ገና የጭንቀት አተነፋፈስ ነው። ከዚያ እስከ 6 እየቆጠራችሁ በዝግታ አስወጡ። በደቂቃ 6 ትንፋሽ ያህል ይሆናል። 5 ደቂቃ ይበቃል። 4 እና 6 የሚከብደው ሰው በ3 እና በ4 ይጀምር።

መቁጠሩን ከለመዳችሁ በኋላ ቁጥሩን በቃል መተካት ትችላላችሁ። ስታስገቡ በልባችሁ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው»፣ ስታስወጡ «የሚያሳጣኝም የለም» በሉ። አጭር ቃል ምረጡ፤ ረጅም ጥቅስ ትንፋሹን ያጣድፈዋል።

ብዙ ሰው ሞክሮ የሚተወው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው «በረጅሙ ተንፍሱ» ሲባል ደረቱን እስኪሞላ እየጎተተ በፍጥነት ስለሚደጋግም ነው። ይህ ከደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከልክ በላይ ያስወጣል፤ ራስ ይዞራል፣ ጣትና የከንፈር ዙሪያ ይደነዝዛል፣ ሰውየውም የባሰ ይደነግጣል። መጠኑ መደበኛ፣ ፍጥነቱ ዝግ ያለ ይሁን። ሁለተኛው ምክንያት ልምምዱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክረው ጭንቀቱ አናቱ ላይ ሲወጣ ስለሆነ ነው። ሰላም ባለበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ከማለዳ ጸሎት በፊት፣ በየቀኑ የተለማመደ ሰው ነው በጭንቀቱ ቀን የሚያገኘው።

«ይህ የሌላ ሃይማኖት ልምምድ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ከምእመናን ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ትንፋሽን ማዝገም እንደ መራመድ የሥጋ ሥራ ነው፤ ልብ ወደ ማን እንደሚያቀና የሚወስነው አማኙ ነው። አእምሮን ባዶ ማድረግ አያስፈልግም። መዝሙር 1 ብፁዕ ያለው ሰው የእግዚአብሔርን ሕግ ቀንና ሌሊት የሚያስበውን ነው፤ እኛም ቃሉን ይዘን እንተነፍሳለን።

ከትንፋሹ ቀጥሎ ጡንቻን ወጥሮ መልቀቅ አለ። ይህን ዘዴ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን አዳበረው፤ ዛሬም በሕክምና ይሠራበታል። ከእጅ ጀምሩ፦ ጡጫችሁን ጨብጡ፣ ለ5 ሰከንድ ያዙ፣ በአንድ ጊዜ ልቀቁት፣ ከዚያ ለ15 ሰከንድ ያህል የመፍታቱን ስሜት ብቻ አስተውሉ። ወደ ክንድ፣ ፊት፣ ትከሻ፣ ሆድ፣ ጭን፣ ባትና እግር ውረዱ። ሲወጠር ትንፋሽ አይያዝ፤ በተለይ የደም ግፊት ላለበት ሰው ትንፋሽ ይዞ መወጠር ግፊቱን ከፍ ያደርጋል። ባትን በኃይል መወጠር ቁርጥማት ስለሚያመጣ እዚያ ላይ ገር ሁኑ፤ የተጎዳ መገጣጠሚያ ካለ እለፉት። ሙሉው 15 ደቂቃ ይወስዳል። ጊዜ የሌለው ትከሻውንና መንጋጋውን ብቻ ቢያደርግ፣ ጭንቀት በብዙ ሰው ላይ የሚሸሸግበትን ቦታ አግኝቶታል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ከሁሉ አንድ ብቻ ምረጡ ብንባል እንቅልፍን እንመርጣለን። በመዝሙር 127 ማልዶ መነሣትና አምሽቶ መቀመጥ ከንቱ ተብሏል፤ እንቅልፍ ደግሞ እግዚአብሔር ለሚወዳቸው የሚሰጠው ስጦታ ነው። ጌታ ራሱ በሉቃስ 6 ሌሊቱን በጸሎት አደረ፤ በማርቆስ 4 ደግሞ ማዕበሉ ጀልባዋን ሲሞላ ትራስ ተንተርሶ ተኝቶ ነበር። የመጀመሪያውን ለአርአያነት ስንጠቅስ ሁለተኛውን መርሳት የለብንም።

ለዐዋቂ ሰው በሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልጋል። የምትተኙበትን ሰዓት ለማስተካከል ከመታገል በፊት የምትነሡበትን ሰዓት አጽኑ፤ የሰውነት ሰዓት የሚቃናው በጠዋት ብርሃን ነው። ሌሊቱ ቢበላሽም በዚያው ሰዓት ተነሡ፣ መስኮት ክፈቱ ወይም ወደ ደጅ ውጡ። ቡና፣ ሻይና ካፌይን ያለው ለስላሳ መጠጥ በሰውነት ውስጥ የሚቆየው ከምናስበው በላይ ነው፤ የጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም በደም ውስጥ አለ። ምሽት 4 ሰዓት ላይ የሚተኛ ሰው የመጨረሻውን ስኒ ቀን 8 ሰዓት ላይ ቢያደርገው ይጠቀማል። ብዙ የሚጠጣ ሰው ግን በአንድ ቀን አያቋርጥ፤ ራስ ምታቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። በየጥቂት ቀኑ አንድ አንድ ስኒ ይቀንስ። ጾም ሲገባ «ፈተና መጣብኝ» የሚባልለት ራስ ምታት አንዳንዴ የካፌይን ወይም የውኃ እጦት ነው።

አልጋ ላይ ገብታችሁ 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ እምቢ ካለ አትገላበጡ፤ ሰዓትም አትዩ። ተነሥታችሁ በደብዛዛ ብርሃን ተቀመጡ፣ መዝሙር አንብቡ፣ ድብታ ሲመጣ ተመለሱ። አልጋ ላይ ነቅቶ መጨነቅ ሲደጋገም አእምሮ አልጋን ራሱን ከጭንቀት ጋር ያያይዘዋል። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር፤ መጽሐፍ ቅዱስን ከስልክ የምታነቡ ከሆነ ለማታው የታተመውን ተጠቀሙ፣ ምክንያቱም ከዳዊት ወደ ዜና ለመሻገር አንድ ጣት ይበቃል። የቀን እንቅልፍ ከ20 ደቂቃ አይለፍ፣ ከቀኑ 9 ሰዓትም አይዘግይ። የሌሊት ጸሎት ያለበት ሳምንት ደግሞ አስቀድሞ ይታቀድ፦ በዋዜማው በቂ ተኙ፣ በማግሥቱ ከባድ ሥራ አትያዙ፣ እንቅልፍ ይዟችሁ መኪና አትንዱ።

እንቅልፍን የሚያባርረው አሳብ ግን የራሱ ሥርዓት ይፈልጋል። ፊልጵስዩስ 4፥6 «በአንዳች አትጨነቁ» ብሎ አያቆምም፤ በጸሎትና በምልጃ ከምስጋና ጋር «ልመናችሁን አስታውቁ» ይላል። ልመና ሲታወቅ ስም አለው። ከመኝታ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብላችሁ፣ አልጋ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ፣ 15 ደቂቃ ያዙ። ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። በአንድ ወገን የሚያስጨንቃችሁን አንድ በአንድ ጻፉ፤ «ኑሮዬ» አትበሉ፣ «አርብ የሚከፈለው ብድር» በሉ። በሌላው ወገን ነገ ልታደርጉት የምትችሉትን አንድ ትንሽ እርምጃ ጻፉ፦ መደወል፣ ጊዜ እንዲራዘም መጠየቅ፣ ወረቀቱን መፈለግ። እርምጃ የሌለው ነገር አለ፤ የልጅ ልብ፣ የሕመም ውጤት። በእነዚህ ፊት ምንም አትጻፉ፣ በስማቸው እየጠራችሁ ለእግዚአብሔር አስረክቡ። ቀጥላችሁ ከዚያው ቀን የሆነ፣ የተወሰነ አንድ የምስጋና ነገር ጨምሩ። ሰዓቱ ሲያልቅ ወረቀቱ ይታጠፍ። በሌሊት አሳቡ ሲመለስ «ተጽፏል፣ ነገ ይታያል» በሉት። መጀመሪያ አካባቢ ደጋግሞ ይመለሳል፤ ይህ ልምምዱ እንዳልሠራ ምልክት አይደለም።

ስለ እንቅስቃሴ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ለዐዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በሳምንት 5 ቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ማለት ነው። ልኩ፣ እየሄዳችሁ መነጋገር ትችላላችሁ፣ መዘመር ግን አትችሉም። 10 ደቂቃ ሦስት ጊዜ ቢሆንም ይቆጠራል።

የበለጠ የሚከብደው ዕረፍትን በሳምንቱ ውስጥ ማስገባት ነው፤ እዚህ ላይ ትጉዎቹ አገልጋዮች ናቸው የሚጎዱት። በማርቆስ 6፥31 ደቀ መዛሙርቱ የሚመጣና የሚሄድ ሰው ከመብዛቱ የተነሣ ለመብላት እንኳ ጊዜ አጥተው ሳለ ጌታ «ጥቂት ዕረፉ» አላቸው። ሕዝቡ ገና አልተፈወሰም፣ ሥራውም አላለቀም። ዮቶር በዘፀአት 18 ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን የሚፈርደውን ሙሴን «የምታደርገው መልካም አይደለም» ብሎታል፤ ምክሩም የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆችን ሹም የሚል ግልጽ የሥራ ክፍፍል ነበር። በቤታችሁና በአገልግሎታችሁ ያለውን ሥራ ዘርዝሩ፤ ሌላ ሰው ከእናንተ ባነሰ ጥራትም ቢሆን ሊሠራው በሚችለው ላይ ምልክት አድርጉ፣ በዚህ ሳምንት አንዱን አስረክቡ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ካልተቻለ ግማሽ ቀን፣ ደመወዝ ከሚያስገኘውም ከአገልግሎት ስብሰባም ነጻ ይሁን። እሑድን ከጥዋት እስከ ማታ በመዘምራንና በኮሚቴ የሚያሳልፍ ሰው አምልኳል፣ አላረፈም፤ ሌላ ቀን ይፈልግ። በዕለቱ የቤት ሥራ ሁሉ በእናት ላይ ከወደቀ ደግሞ ያረፈው የቤቱ ግማሽ ብቻ ነው። በዘፀአት 23፥12 ዕረፍቱ ለባሪያው ልጅና ለእንግዳውም፣ ለበሬውና ለአህያውም የታዘዘ ነው።

እነዚህ ልማዶች ለዕለት ተዕለት ጭንቀት ናቸው፤ ሕክምናን አይተኩም። የደረት ሕመም፣ በተለይ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ወይም ከትንፋሽ ማጠርና ከላብ ጋር የመጣ ከሆነ፣ «ጭንቀት ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይኬዳል። ኀዘኑ ወይም ፍርሃቱ ሁለት ሳምንት አልፎ ሥራን፣ ምግብንና እንቅልፍን ካናጋ ሐኪም ዘንድ ቅረቡ። እንደ ኤልያስ ሞትን የሚለምን ወይም ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ ሰው ብቻውን አይደር። በቀጥታ ጠይቁት፤ መጠየቅ አሳቡን አያሳድርበትም። አብራችሁት ሁኑ፣ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና አድርሱት። የታዘዘለትን መድኃኒት የሚወስድ ምእመን ደግሞ ጸሎት ተደርጎልኛል ብሎ በድንገት አያቋርጥ፣ አቋርጥ የሚለውም አይኑር፤ መጠኑን የሚቀንሰው ያዘዘለት ሐኪም ነው።