ሰማያዊ እንቁላል የሚጥሉ ዶሮዎች በጓሮ ርባታ፦ በዓመት ስንት ይጥላሉ?

ሰማያዊ እንቁላል የእውነት አለ። ማንም ቀለም አልቀባውም፤ በመኖም የመጣ አይደለም። ዶሮዋ ራሷ ሰማያዊ አድርጋ ትጥለዋለች። በአሜሪካና በእንግሊዝ ጓሯቸው ውስጥ አራት አምስት ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች እነዚህን ዝርያዎች በጣም ይወዷቸዋል። ቀለሙ ያምራላ! ወዲያው ግን ጥያቄ ይከተላል፤ እሺ፣ ስንት ትጥላለች?

"ሰማያዊ ጣይ ናት" ማለት ብቻውን ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። ቀለሙን የሚወስነው በዋናነት አንድ ጂን ነው። ብዛቱን የሚወስኑት ደግሞ ሌሎች ብዙ ጂኖች፣ የቀን ብርሃን፣ መኖና ዕድሜ ናቸው። ስለዚህ ሁለት ሰማያዊ ጣይ ዶሮዎች አንድ ቆጥ ላይ እያደሩ አንዷ በዓመት 150፣ ሌላዋ 250 ልትጥል ትችላለች። ዶሮ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበት ሰማያዊውን ጂን የተሸከመችው ዶሮ ከየትኛው ዘር እንደመጣች ነው።

የታሪኩ መነሻ ደቡብ ቺሊ ነው። በአራውካኒያና በአካባቢው የሚኖሩት የማፑቼ ሕዝቦች እነዚህን ዶሮዎች ለረጅም ዘመን አርብተዋል። አራውካና የሚለው የዝርያው ስም ከዚያው የመጣ ነው። ሌላው ዓለም በሰፊው ያወቃቸው ስፔናዊው የዶሮ ርባታ ምሁር ሳልቫዶር ካስቴዮ እ.ኤ.አ. በ1914 ቺሊ ውስጥ ካያቸው በኋላ ነው። በ1921 በኔዘርላንድስ ዘ ሄግ ከተማ በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም የዶሮ ርባታ ጉባኤ ስለ እነሱ ተናገረ። ዶሮ ደቡብ አሜሪካ የደረሰው ከኮሎምበስ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ክርክር ግን እስካሁን አልበረደም። በ2007 ኤል አሬናል ከተባለ የቺሊ ቦታ የተገኙ የዶሮ አጥንቶች ከኮሎምበስ የሚቀድሙ ናቸው የሚል ጥናት ወጣ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ አልተቀበሉትም።

የቀለሙ ምንጭ የታወቀው በ2013 ነው። አንድ የጥንት ሬትሮቫይረስ (ራሱን በሌላ ፍጡር ጂኖች መካከል የሚሰካ ቫይረስ) በዶሮዋ ክሮሞሶም 1 ላይ፣ ኤስኤልሲኦ1ቢ3 ከተባለው ጂን አጠገብ ተሰክቶ ተገኘ። በዚህ ምክንያት ጂኑ እንቁላል ቅርፊት በሚለብስበት የአካሏ ክፍል ውስጥ በኃይል ይሠራል። ውጤቱም ቢሊቨርዲን የተባለው ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለም ቅርፊቱ ውስጥ መግባቱ ነው። የሚገርመው፣ ዶንግሺያንግና ሉሺ የተባሉት የቻይና ዶሮዎችም ሰማያዊ ይጥላሉ። እነሱም ጋ የተሰካው ያው ዓይነት ቫይረስ ነው፤ ግን ቦታው ትንሽ ይለያል። አንድ ዓይነት ነገር በሁለት አህጉር ለየብቻ ሆነ ማለት ነው።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ሰማያዊ እንቁላል ሰብረው ቅርፊቱን ይገልብጡት፤ ውስጡም ሰማያዊ ነው። ቡናማ እንቁላል ቢሰብሩ ግን ውስጡ ነጭ ሆኖ ያገኙታል። ቡናማው ቀለም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከላይ ይለበጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። አረንጓዴና የወይራ ቀለም ያላቸው እንቁላሎች ደግሞ የሁለቱ ድምር ናቸው፦ ሥሩ ሰማያዊ፣ ላዩ ቡናማ። ገና የተጣለ፣ ያልደረቀ አረንጓዴ እንቁላል በጣት ቢታሽ አንዳንዴ ቡናማው ይለቅና ሰማያዊው ብቅ ይላል። አስኳሉና ነጩ ግን እንደማንኛውም እንቁላል ነው። "ሰማያዊ እንቁላል ኮሌስትሮሉ ዝቅተኛ ነው" የሚባለው ወሬ ትክክል አይደለም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ለማነጻጸር ያህል፣ የእኛ ሐበሻ ዶሮ በተለመደው የገጠር አያያዝ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። ለንግድ የተዳቀለችው "ፈረንጅ ዶሮ" በጥሩ አያያዝ 300 ትደርሳለች። ሰማያዊ ጣዮቹ በሁለቱ መካከል ተበታትነው ይገኛሉ።

አራውካና በዓመት ከ150 እስከ 180 አካባቢ ትጥላለች። የአሜሪካው አራውካና ጅራት የለውም፤ ከጆሮው ሥርም የላባ ጉትዬ ወጣ ብሎ ይታያል። የእንግሊዙ አራውካና ግን ጅራት አለው። ጉትዬው ያምራል፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው። የጉትዬውን ጂን ከአባትም ከእናትም የወረሰ ጫጩት ሳይፈለፈል እንቁላሉ ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ ጉትዬ ያላቸው ወንድና ሴት ሲገናኙ ከአራት አንድ ያህሉ ጫጩት ይጠፋል። ጅራት አልባነቱም በመራባት ላይ ችግር ያመጣል። ጫጩቱ እንዲህ ጥቂት ከሆነ ለማማረጥ አይመችም። ብዙዎቹ አርቢዎችም ሲያማርጡ የሚያዩት መልኩን እንጂ የእንቁላሉን ቁጥር አይደለም። በእኔ አስተያየት የአራውካና ቁጥር ዝቅ ያለው ሰማያዊ ስለሚጥል ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው።

አሜሮካና የተባለው ዝርያ የተወለደው ይህን ጣጣ ለመሸሽ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1970ዎቹ ሰማያዊውን እንቁላል ይዘው ገዳዩን ጂን የተዉ አርቢዎች አወጡት። የአሜሪካ የዶሮ ርባታ ማኅበር አራውካናን በ1976፣ አሜሮካናን በ1984 እውቅና ሰጣቸው። አሜሮካና ጅራት አላት፤ ጉንጯና አገጯ ላይ ጺም የመሰለ ላባ አላት። በዓመት ከ150 እስከ 200 ትጥላለች። ቄቧ ግን ቶሎ አትጀምርም። ስድስት ሰባት ወር መጠበቅ የተለመደ ነው። ትዕግሥት ለሌለው ሰው አትሆንም።

ክሬም ሌግባር የእንግሊዝ ሥራ ነው። ካምብሪጅ ውስጥ ሬጂናልድ ፐኔትና ማይክል ፒዝ አዳቀሉት። ፐኔት በባዮሎጂ ትምህርት የዘር ውርስ የሚሰላበትን ሠንጠረዥ፣ "ፐኔት ስኩዌር"ን፣ ስንሠራ ስሙ የሚነሳው ሰውዬ ነው። ሌግሆርንን፣ ፕሊማውዝ ሮክንና ከደቡብ አሜሪካ የመጣውን ሰማያዊ ጣይ አንድ ላይ አመጡ። ዝርያው በእንግሊዝ በ1958 እውቅና አገኘ። ሌግሆርን የታወቀ እንቁላል ጣይ ነውና ደሙ እዚህ ይታያል፤ ክሬም ሌግባር በዓመት 180 እስከ 200፣ ጥሩ ዘር ከሆነች ከዚያም በላይ ትጥላለች። ለጓሮ አርቢ ደግሞ ሌላ ትልቅ ጥቅም አላት። ጫጩቱ በተፈለፈለ ቀን ወንድ ይሁን ሴት ከጸጉሩ ይታወቃል። ሴቷ ጀርባዋ ላይ ጥርት ያለ ጥቁር ቡናማ መስመር አላት፤ ወንዱ ፈዘዝ ይልና አናቱ ላይ ነጣ ያለ ነጥብ ይታያል። አውራ ዶሮ በሚከለከልባቸው ከተሞች ይሄ ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል።

ኢስተር ኤገር የምትባለው ራሷን የቻለች ዝርያ አይደለችም፤ ሰማያዊውን ጂን የተሸከመች ድቅል ናት። የአሜሪካ ጫጩት ማስፈልፈያዎች በብዛት የሚሸጡት እሷን ነው። አንዳንዴ "አሜሪካና" የሚል ስም እየለጠፉ ይሸጧታል፤ ከአሜሮካና ጋር መምታታቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። በቁጥር ግን ብዙ ጊዜ ትበልጣለች፤ ከ200 እስከ 280 ትሄዳለች። ዕዳዋ ቀለሙ አለመታወቁ ነው። አንዷ ሰማያዊ፣ እህቷ አረንጓዴ፣ ሌላዋ ሐምራዊ ቢጤ ልትጥል ትችላለች። አንዲት ዶሮ ግን የጀመረችውን ቀለም አትቀይርም። የሚለወጠው ድምቀቱ ብቻ ነው፤ በጥሎሽ ወራቱ መጨረሻ ይፈዛል፣ ላባዋን ቀይራ ስትመለስ ይደምቃል።

ሰማያዊው ጂን ገዢ ነው፤ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ቀለሙ ይወጣል። ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰው ወንድ ከነጭ ሌግሆርን ጋር ቢገናኝ ሴት ልጆቹ ሁሉ ሰማያዊ ይጥላሉ፣ ቁጥራቸውም ከፍ ይላል። ቀለሙ ግን አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ገርጣ ይላል። ቀለሙም ሳይቀንስ ብዛቱም እንዲመጣ ከተፈለገ ትውልድ እየመረጡ መሄድ ነው እንጂ አቋራጭ የለውም።

ዘሩ ጥሩ ቢሆንም ጓሮ ውስጥ ቁጥሩን የሚቀንሱ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ብርሃን ነው። እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ስታገኝ በደንብ ትጥላለች። አዲስ አበባ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ይሄ ጎልቶ አይታየንም። ስቶክሆልም ያለ ሰው ግን ታኅሣሥ ላይ ቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ስለሚሆን ዶሮዎቹ ወራት ሙሉ ሊያቆሙበት ይችላሉ። ጠዋት ጠዋት አምፖል ማብራት ይረዳል። ሁለተኛው ላባ መቀየር ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው መጸው ይመጣል፤ ሁለት ሦስት ወር ጥሎሽ ይቋረጣል። ሦስተኛው መታቀፍ ነው። አራውካና እንቁላል ለመታቀፍ አትሰንፍም፤ ከታቀፈች ደግሞ አትጥልም። በላዩ 21 ቀን መፈልፈያ፣ ከዚያ ጫጩት ማሳደጊያ ሲጨመር ከዓመቱ ብዙ ይሄዳል።

መኖ ላይ ሰው የሚሳሳተው በማሳነስ ብቻ ሳይሆን በማብዛትም ነው። መካከለኛ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም 16 በመቶ ፕሮቲን ያለው የእንቁላል ጣይ መኖ ይበቃታል። የወጥ ቤት ትራፊ ሲበዛ ይህን ያቀጥነዋል፤ ዶሮዋ ትወፍራለች፣ እንቁላሉ ይቀንሳል። ቅርፊቱ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ የተፈጨ የባሕር ዛጎል ለብቻው ዕቃ ይቀመጥላት፤ የሚያስፈልጋትን ራሷ ትወስዳለች።

የትኛዋ እየጣለች እንደሆነ ለማወቅ ማታ ቆጥ ላይ ሳለች ያንሷት። ከጭራዋ ሥር ያሉትን ሁለት ሹል አጥንቶች በጣት ይዳስሱ። መሃላቸው ሁለት ሦስት ጣት ካስገባ እየጣለች ነው። አንድ ጣት እንኳ በግድ የሚገባ ከሆነ አቁማለች ወይም ገና አልጀመረችም።

ከመጀመሪያው የጥሎሽ ዓመት በኋላ ቁጥሩ በየዓመቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል። አራት ክሬም ሌግባር በ180 ሂሳብ በዓመት 720 እንቁላል ይሰጣሉ፤ በሳምንት 14 ገደማ ማለት ነው። በጸደይ ከዚህ በላይ፣ በፈረንጆቹ ክረምት ጨለማ ደግሞ ሁለት ሦስት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አራቱን በአንድ ጊዜ ከመግዛት ሁለቱን ዘንድሮ፣ ሁለቱን በሚቀጥለው ዓመት መግዛት ይሻላል። አሮጌዎቹ ላባ ሲቀይሩ ቄቦቹ መጣል ይጀምራሉ፤ ብዙዎቹም የመጀመሪያውን ክረምት ሳያቋርጡ ያልፉታል።