ስለ አዝማሪ፣ ስለ ላሊበላና ስለ ካልሲ አሻንጉሊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዘንድሮ ደሴ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ክበብን ሳግዝ፣ ተማሪዎቹ ከካልሲ የተሠራ አዝማሪ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነበት አጭር አስቂኝ ዝግጅት በስልክ ካሜራ ለመቅረጽ ተነሡ። ወሬው ሲሰማ ከወላጆችም ከባልደረቦቼም የደረሱኝ አስተያየቶች፣ ስለ አሻንጉሊት ቴሌቪዥንም ሆነ ስለ ባህላዊ አዝናኞቻችን ለረጅም ጊዜ ሲነገሩ የኖሩ ስሕተቶች ስለነበሩ፣ አንድ በአንድ ማረሙ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

«አሻንጉሊት የልጆች ጨዋታ ነው።»

አሻንጉሊት ልጆችን እንደሚማርክ አይካድም፤ ለልጆች ብቻ የተፈጠረ ጥበብ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። በአሜሪካ ቺካጎ እ.ኤ.አ. በ1947 የተጀመረው የአሻንጉሊት የቴሌቪዥን ዝግጅት «ኩክላ፣ ፍራን እና ኦሊ» ለልጆች ታስቦ ቢነሣም ብዙ አዋቂ ተመልካቾችን ያፈራ ሲሆን፣ አሻንጉሊቶቹን የሚያንቀሳቅሰው በር ቲልስትሮምና ከፊት ቆማ የምታነጋግራቸው ፍራን አሊሰን አብዛኛውን ንግግር ያለ ጽሑፍ እዚያው በዚያው ይፈጥሩት ነበር። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1984 የጀመረው «ስፒቲንግ ኢሜጅ» ደግሞ በአሻንጉሊት መሪዎችን የሚተች የአዋቂዎች ዝግጅት ነበር። ፊት ለፊት የማይባለውን በሌላ አፍ ማስባል ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም፤ እኛ ዘንድ ያ አፍ የአዝማሪ ነው።

«አዝማሪ አፉ ያመጣለትን ይለቃል።»

ከሁሉ አብልጦ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። አንድ እንግዳ ከመቀመጫው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲሰጥ፣ አዝማሪው ቃሉን ከእንግዳው አፍ ተቀብሎ በዜማ ይደግመዋል፤ አፉ የተሰጠውን እያዜመ ጆሮው ቀጣዩን ስንኝ ይጠብቃል፣ እጁ ደጋኑን ሳያቋርጥ ይስባል፣ ልቡ ደግሞ ቤት የሚመታውን ቃል ይፈልጋል። በስንኝና በስንኝ መካከል ማሲንቆው ብቻውን የሚሰማበት ጊዜ ለታዳሚው ዕረፍት ቢመስልም ለአዝማሪው የማሰቢያ ጊዜ ነው፤ በዚያች አፍታ ውስጥ የእንግዳውን ስም፣ አለባበሱንና አብረውት የመጡትን አይቶ፣ ሰሙ የሚያስቅ ወርቁ ግን የሚወጋ ግጥም ማዘጋጀት አለበት። መሣሪያውም ቢሆን ለዋዛ የሚሆን አይደለም። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ ያለው ሲሆን፣ ጣት ክሩን ከእንጨቱ ጋር ሳያጣብቅ በመንካት ብቻ ድምፁን ይለውጣል፤ የቱ ጋ እንደሚነካ የሚያሳይ ምልክትም የለውም። ማሲንቆውን እንደ ሰው ሊያስቅና ሊያስለቅስ የሚችለው ትክክለኛውን ድምፅ አጥብቆ የያዘ ሰው ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ሆን ተብሎ የተሳተ ድምፅ የሚያስቀው ትክክለኛው በአድማጭ ጆሮ አስቀድሞ ከተቀመጠ ነው።

«የወሎ ቅኝት ለናፍቆትና ለሐዘን እንጂ ለቀልድ አይሆንም።»

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የተዋቀሩ ቅኝቶች ናቸው። ቅኝት የድምፆች አደራደር እንጂ የግጥም ይዘት ስላልሆነ፣ በዚያው በባቲ ቅኝት ናፍቆትም ቀልድም ይዘፈናል።

«ላሊበላ ካልዘፈነ የሥጋ ደዌ ይይዘዋል።»

ላሊበላ ወይም ሐሚና የሚባሉት ሌሊቱ ሳይነጋ ከደጅ ቆመው፣ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው፣ ያለ መሣሪያ የሚያዜሙት ናቸው። ዜማውን ከተዉ ደዌው ይይዛቸዋል የሚለው እምነት በሰፊው ይነገራል። እውነታው ግን የሥጋ ደዌ የሚመጣው ኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ባገኘው ባክቴሪያ ነው፤ ዘር የሚወርሰው እርግማን አይደለም፣ ዛሬም እንደ ደረጃው በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል። ይህ እምነት ሰዎቹን ማግለሉ ሳያንስ ጥበባቸውንም ሸፍኖታል። የቤቱን ባለቤት ስም ከጎረቤት አስቀድመው ጠይቀው ይመጣሉ፤ ከዚያም በጨለማ ውስጥ፣ ፊቱን ላላዩት ሰው፣ በስሙ እየጠሩ ሙገሳ ይደረድራሉ፤ የሰጠውን ይመርቃሉ። ሁለቱ ድምፆች ተደጋግፈው ሲወጡ በር ዘግቶ ለመተኛት የሚያስችል ልብ ያለው ሰው አይመስለኝም።

«በርካሽ የተሠራ ነገር በግዴለሽነት የተሠራ ነው።»

አሜሪካዊው የአሻንጉሊት ባለሙያ ጂም ሄንሰን እ.ኤ.አ. በ1955 በዋሽንግተን ለአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የአምስት ደቂቃ ዝግጅት ሲጀምር፣ ኋላ በዓለም የታወቀውን ከርሚት የተባለ አሻንጉሊት የሠራው እናቱ ከጣሉት ካፖርትና ለሁለት ከተከፈለ የፒንግ ፖንግ ኳስ ነው። በአገራችንም መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር የጀመረችው የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት «ፀሐይ መማር ትወዳለች»፣ የስድስት ዓመቷን ቀጭኔ ይዞ እ.ኤ.አ. በ2008 ለትምህርታዊ ዝግጅቶች የሚሰጠውን የጃፓን ሽልማት አግኝቷል።

ገንዘብ የማይገዛው ነገር የት እንዳለ ያየሁት በራሳችን ካልሲ ላይ ነው። ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ቀን አፉን ሲከፍቱ አራቱን ጣቶች ወደ ላይ ያነሡ ስለነበር፣ አዝማሪው በተናገረ ቁጥር ጣሪያ ጣሪያ ያይ ነበር። ሰው ሲናገር የሚንቀሳቀሰው የታችኛው መንጋጋ በመሆኑ፣ አራቱን ጣቶች አጽንቶ አውራ ጣትን ብቻ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ዓይን የሆኑትን ሁለት ጥቁር ቁልፎችም ፈተን ወደ አፍንጫው ጥቂት ስናስጠጋቸው ካልሲው ድንገት ተመልካቹን ማየት ጀመረ።

ማሲንቆው ግን አስቸገረ፤ አንድ ልጅ አፉን ሲያንቀሳቅስ ደጋኑን የሚስብ ሌላ እጅ ያስፈልግ ነበር። በጋቢ በተሸፈነው ጠረጴዛ ሥር ሁለት ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተጠግተው፣ ከአንድ የከተማችን አዝማሪ የቀዳነውን ድምፅ እየሰሙ፣ ደጋኑ በየትኛው ቃል ላይ እንደሚመለስ በቃላቸው አጠኑ። ለሁለት ደቂቃ ዝግጅት የአራት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀብን።