የግቤት መሣሪያዎች ራሳቸውን ለአፕሊኬሽኖች የሚገልጹበት አሠራር

የግቤት መሣሪያ የሚባሉት ኪቦርድ፣ ማውስ፣ የንክኪ ስክሪን፣ የባርኮድ ስካነርና እነዚህን የመሳሰሉት ናቸው። አንድ አፕሊኬሽን ከእነዚህ ጋር በቀጥታ አይገናኝም። መሣሪያው ስለ ራሱ የሚሰጠውን መግለጫ ተቀብሎ፣ በራሱ ቁጥሮችና ስሞች መልሶ ለአፕሊኬሽኑ የሚያቀርበው ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው ዋና ፕሮግራም፣ ማለትም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። በደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ማመልከቻ የምታስጽፍ እናት ወረቀቷን ከመቀበሏ በፊት፣ እያንዳንዱ ፊደል በዚህ ቅብብሎሽ ውስጥ አልፏል።

በዩኤስቢ የሚሰካ መሣሪያ የሚከተለው ደንብ ኤችአይዲ (HID፣ ሰው ኮምፒውተርን የሚያዝባቸው መሣሪያዎች ደንብ) ይባላል፤ ዛሬም የሚሠራበት 1.11ኛው እትሙ የወጣው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። መሣሪያው እንደተሰካ የአምራቹንና የምርቱን መለያ ቁጥር ይናገራል፤ ቀጥሎም የሚልካቸው ባይቶች (የመረጃ ቁራጮች) እያንዳንዳቸው ምን ትርጉም እንዳላቸው የሚዘረዝር መግለጫ ያስረክባል። በዚህ ደንብ የላቲን ፊደላት ቁልፎች ከ4 እስከ 29 ያሉትን ቁጥሮች ይዘዋል፤ የመጀመሪያው ኤ 4፣ የመጨረሻው ዜድ 29 ነው። ኪቦርዱ የሚልከው ግን ቁልፉ ያለበትን ቦታ የሚያመለክተውን ቁጥር ብቻ ነው፤ በቁልፉ ላይ ምን እንደታተመ አይናገርም። ከዐረብ አገር የመጣ፣ በላቲን ፊደል አጠገብ የዐረብኛ ፊደል የታተመበት ኪቦርድ ደሴ ላይ ተሰክቶ ያለምንም ችግር አማርኛ የሚጻፍበት በዚህ ምክንያት ነው። በደንቡ ውስጥ ኪቦርዱ ለየትኛው አገር እንደተሠራ የሚጠቁም የቁጥር ቦታ አለ፤ 1 ዐረብኛ ማለት ሲሆን፣ ዝርዝሩ እስከ 35 ሲደርስ አማርኛም ኢትዮጵያም አልተጠቀሱበትም። አብዛኞቹ ኪቦርዶች በዚህ ቦታ 0 ስለሚያስገቡ ክፍተቱ ጎልቶ አይታይም፤ የፊደል ገበታውን፣ ማለትም የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል እንደሚሰጥ የሚወስነውን ቅንብር፣ የሚመርጠው ተጠቃሚው ራሱ ነው።

ቀጣዩን ሥራ የሚሠራው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ሊኑክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እያንዳንዱን መሣሪያ እንደ አንድ ፋይል ከፍቶ፣ ከዚያ ፋይል የሚነበበውን ክስተት በሰዓት፣ በዓይነት፣ በኮድና በዋጋ (የክስተቱን ሁኔታ በሚገልጽ ቁጥር) ያስቀምጠዋል። ቁልፍ ሲጫን ዋጋው 1፣ ሲለቀቅ 0፣ ተጭኖ ሲቆይ ደግሞ 2 ይሆናል። ማውስ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ብቻ ይናገራል፤ የንክኪ ስክሪን ግን ጣት ያረፈበትን ነጥብ ስለሚያመለክት፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ልኩን፣ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ ስንት ነጥብ እንዳለም ጭምር ማሳወቅ ይገባዋል። በሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ አስኳል) ላይ የተገነባው አንድሮይድም ይህንኑ መረጃ ተቀብሎ መሣሪያው የቁልፍ፣ የንክኪ ወይስ የጨዋታ መቆጣጠሪያ ምንጭ መሆኑን ለአፕሊኬሽኑ ይነግራል። አንዱ የኤ ቁልፍ በመንገዱ ላይ ስሙን ይለዋውጣል፦ በኤችአይዲ 4፣ በሊኑክስ 30፣ በዊንዶውስ ደግሞ 65 ነው። በፈረንሳይኛ ገበታ ያው ቁልፍ ኪው ስለሚሆን የዊንዶውሱ ቁጥርም ይቀየራል፤ የሊኑክሱ 30 ግን ቦታን ስለሚያመለክት ባለበት ይጸናል።

መግለጫው ሐቅን ሙሉ በሙሉ ላይናገር እንደሚችል የባርኮድ ስካነር በግልጽ ያሳያል። ብዙዎቹ ስካነሮች ራሳቸውን ኪቦርድ ብለው ያስተዋውቃሉ፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም የተነገረውን ያምናል። የፋብሪካ ከተማ በሆነችው በኮምቦልቻ፣ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ገበታውን አማርኛ ላይ ትቶ የላቲን ፊደል ያለበትን የዕቃ ኮድ ቢያስነብብ፣ በስክሪኑ ላይ ባለው የጽሑፍ መሙያ ሳጥን ውስጥ የሚገባው ኮዱ ሳይሆን የተዘበራረቀ የፊደል ጥርቅም ይሆናል፤ ዕቃውም አልተመዘገበም ይባላል። እንዲህ ሲሆን ሠራተኛው ስካነሩ ተበላሸ ብሎ ያስባል፤ ስካነሩ ግን ደህና ነው። መፍትሔው ስካነሩ በኤችአይዲ ለባርኮድ የተመደበውን የራሱን ክፍል እንዲጠቀም ማስተካከል፣ ወይም አፕሊኬሽኑ መሣሪያዎቹን ለይቶ እንዲያዳምጥ ማድረግ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ከተባለው እትሙ ጀምሮ የትኛው ክስተት ከየትኛው መሣሪያ እንደመጣ የሚለይበት መንገድ አዘጋጅቷል።

ለአማርኛ ጸሐፊ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ከዚህ በላይ ያለው እርከን ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም ጽሕፈቶችን ፊደላት በቁጥር በሚወክለው በዩኒኮድ ደንብ 3.0 እትም ውስጥ ገብቶ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ በኪቦርድ ላይ ግን ለእነዚያ ሁሉ የሚበቃ ቁልፍ የለም። ስለዚህ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙና ከአፕሊኬሽኑ መካከል የሚቀመጥ የጽሕፈት ዘዴ ያስፈልጋል፦ ኤስ ሲነካ ስ ይወጣል፣ ኤ ሲከተለው ስ ተነሥቶ በቦታው ሳ ይተካል። ሁለት የቁልፍ ክስተቶች አንድ ሆሄ ወለዱ ማለት ነው። የጽሑፍ አፕሊኬሽን ሠሪዎች የቁልፍ ቁጥሮችን ብቻ እየቆጠሩ አንድ ቁልፍ አንድ ፊደል ነው ብለው ሲነሡ ስ እና ሳ ጎን ለጎን ይቀራሉ፣ አንዳንዴም የተተየበው ጨርሶ አይታይም። ቁልፉ የት እንዳለ ማወቅ የሚበቃው ለጨዋታና ለአቋራጭ ትእዛዝ ነው፤ ጽሑፍ የሚቀበል ሳጥን ግን ከጽሕፈት ዘዴው ተጠናቅቆ የወጣውን ሆሄ መጠበቅ ይኖርበታል።