ሪዳይሬክት ሉፕ ምንድን ነው?

ባልትና በኦንላይን የምትሸጥ ጓደኛዬ አንድ ማታ ደወለችልኝ። «ሳይቴ ተጠልፏል መሰለኝ፣ ጭራሽ አይከፍትም» አለች። ድምጿ ይንቀጠቀጣል። ስክሪንሹት ላኪልኝ አልኳት። ነጭ ገጽ ላይ፣ ሳይቱ ብዙ ጊዜ ሪዳይሬክት አድርጓችኋል የሚል ጽሑፍ አለ። የጠለፋ ምልክት አይደለም። «ዛሬ አዲስ ፕለጊን ጭነሽ ነበር?» አልኳት። ጭናለች። ፕለጊን ማለት ሳይቱ ላይ ተጨማሪ ሥራ እንዲሠራ የሚጫን ፕሮግራም ነው።

ሪዳይሬክት ማለት ሰርቨሩ፣ ሳይቱ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ብራውዘሩን «የምትፈልገው እዚህ የለም፣ ወደዚያ ሂድ» ሲለው ነው። ከመልሱ ጋር የሚመጣው ቁጥር 301 ከሆነ ለዘለቄታው፣ 302 ከሆነ ለጊዜው ማለት ነው። እዚያ ሲደርስ ደግሞ «ወደ መጣህበት ተመለስ» ከተባለ፣ ያ ሉፕ ነው። ለአንድ ማህተም ከመስኮት 3 ወደ መስኮት 5፣ ከ5 መልሶ ወደ 3 የተላከ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ክሮምና ፋየርፎክስ 20 ጊዜ ያህል ከተመላለሱ በኋላ ይተዉታል።

የጓደኛዬ ሳይት ዎርድፕረስ በሚባል የሳይት መሥሪያ ፕሮግራም የተሠራ ነው። ሴቲንጉ ላይ አድራሻው ከሦስቱ ደብሊው ጋር ተጽፏል፤ ስለዚህ ያለ እነሱ የመጣውን ዎርድፕረስ ይጨምርለታል። አዲሱ ፕለጊን ደግሞ ያነሳቸዋል። ለየብቻ ሲታዩ ሁለቱም ልክ ናቸው። አብረው ሲሠሩ ግን እንግዳውን በር ላይ ያንከራትቱታል።

ሌላው በጣም የሚያጋጥመው የኤስኤስኤል፣ ማለትም ግንኙነቱን የማመስጠር፣ ጉዳይ ነው። ከሰርቨሩ ፊት ክላውድፍሌር፣ በጎብኚውና በሰርቨሩ መካከል የሚቆም አገልግሎት፣ አለ እንበል፣ ሴቲንጉም «ፍሌክሲብል» ላይ ነው። ጎብኚው በተመሰጠረው መንገድ፣ በኤችቲቲፒኤስ ይመጣል፣ ክላውድፍሌር ግን ሰርቨሩን የሚያናግረው በተራው ኤችቲቲፒ ነው። ሰርቨሩ ላይ ያለው ፕለጊን ይህን አይቶ «ወደ ኤችቲቲፒኤስ ሂድ» ይላል። ሰውየው እኮ እዚያው ነው ያለው! እዚህ ላይ ፕለጊኑን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ሰርቨሩ ላይ ሰርተፍኬት አስገብቶ ሴቲንጉን ወደ «ፉል» መቀየር ነው።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። አድሚን፣ ማለትም የሳይቱ ማስተዳደሪያ፣ ውስጥ መግባት አልቻለችም። ስለዚህ በሆስቲንጉ ፋይል ማናጀር ገብተን፣ ፕለጊኖቹ ካሉበት ፎልደር ውስጥ የአዲሱን ስም ቀየርን። ዎርድፕረስ ካላገኘው አያስነሳውም። እባካችሁ፣ ዲሊት ለማድረግ አትቸኩሉ። የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ የዋናውን ፎልደር ስም ቀይሩ፣ አድሚን ላይ የፕለጊን ገጹን አንዴ ክፈቱ፤ ሁሉም ሥራ ያቆማሉ። ከዚያ ስሙን መልሱና አንድ በአንድ እያበራችሁ ሞክሩ።

የእሷ ግን አሁንም አልከፍት አለ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። አንዳንድ ፕለጊን ትእዛዙን ኤችቲአክሰስ የሚባለው ፋይል ላይ ጽፎ ይሄዳል፤ ፕለጊኑ ቢጠፋም ጽሑፉ ይቀራል። ፋይሉ ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር ይደበቃል፣ ድብቅ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ ያስፈልጋል። ኮፒውን አስቀምጠን ደብሊው የሚያነሱትን መስመሮች አጠፋን።

ብራውዘሩ ቀድሞ የያዘውን በማይጠቀምበት መስኮት፣ በኢንኮግኒቶ ስንሞክረው በርበሬውም ሽሮውም ብቅ አለ። በተለመደው መስኮት ግን ያው ነጭ ገጽ። 301ን ብራውዘሩ ለዘለቄታው ስለተነገረው ይዞት ነበር። ካሹን፣ ብራውዘሩ ይዞ ያስቀመጠውን፣ አጽድታ እንደገና ስትከፍተው፣ ስልኩ ላይ ዝም አለችና «ተከፈተ» አለችኝ።