ጎድሞዲንግ ምንድን ነው?

ሌባና ፖሊስ የተጫወተ ሰው ይህን ልጅ ያውቀዋል። ጣትህን ሽጉጥ አድርገህ፣ ከግንቡ ጀርባ ዘለህ ወጥተህ፣ በሁለት እርምጃ ርቀት “ድው!” ትልበታለህ። ቆሞ ያይሃል። “ሞተሃል እኮ!” ስትለው “አልነካኝም” ይላል። ስትደግመው ጥይት የማይበሳው ልብስ ለብሻለሁ ይላል። በሦስተኛው ደግሞ እሱ ቀድሞ እንደተኮሰብህ፣ አንተ እንደወደቅህ፣ እጅህ ታስሮ እያለቀስህ እንደሆነ ራሱ ይነግርሃል። ከዚያ በኋላ ጨዋታ የለም፤ ክርክር ነው፣ ሲብስም ድብድብ ነው።

ይህ ልጅ አድጎ ኢንተርኔት ላይ የሚና ጨዋታ ሲጀምር ለሚያደርገው ነገር ስም ወጥቶለታል፤ ጎድሞዲንግ ይባላል። የሚና ጨዋታ፣ ተጫዋቾቹ እንደሚሉት ሮልፕሌይ፣ ሲያጥር አርፒ፣ ከእቃቃ ብዙ የራቀ አይደለም። “አንቺ እናት ሁኚ፣ እኔ ከገበያ የመጣሁ ነጋዴ ልሁን” ተባብሎ ታሪክ መፍጠር ነው። ልዩነቱ ቆርኪውና ጭቃው በኮምፒውተር መተካታቸው፣ አብረውህ የሚጫወቱትንም በአካል አለማወቅህ ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ ስለዚያ ገጸ ባሕርይ የሚናገረውም ባለቤቱ ነው። ጎድሞዲንግ ይህን ድንበር መጣስ ነው። ወይ የራስህን ገጸ ባሕርይ የማይሞት፣ የማይስት፣ የማይሸነፍ ታደርገዋለህ፤ ወይ የሌላው ሰው ገጸ ባሕርይ ምን እንዳደረገና ምን እንደተሰማው አንተ ትጽፍለታለህ።

ቃሉ የመጣው ከተኩስ ጨዋታዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ዱም በተባለው ጨዋታ አምስት የላቲን ፊደላትን፣ አይዲዲኪውዲን፣ በተከታታይ የነካ ተጫዋች ቢተኮስበትም ቢቃጠልም ጉልበቱ አይቀንስም ነበር። ይህን “ጎድ ሞድ” ይሉታል፤ እንደ አምላክ አለመነካት ማለት ነው። እዚያ ማንንም አይጎዳም። የምትገድላቸው ጭራቆች የኮምፒውተሩ ስለሆኑ አያኮርፉም። ከወዲያ በኩል ሰው ሲቀመጥ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

በጽሑፍ ብቻ በሚካሄድ አርፒ፣ ለምሳሌ ሰዎች ሰርቨር የሚባል የጋራ ቦታ ከፍተው በሚጻጻፉበት በዲስኮርድ ላይ፣ ጥፋቱ በአንድ ግስ ላይ ይታያል። ሁለት ገጸ ባሕርያት ጠጅ ቤት ውስጥ ተጣሉ እንበል። አንዱ ተጫዋች “ጎሹ ወንበሩን አንሥቶ ደምሴን አናቱን መታው፤ ደምሴም ተዘርሮ ቀረ” ብሎ ይጽፋል። ደምሴን የያዘው ሰው ሻይ አፍልቶ እስኪመለስ ገጸ ባሕርዩ መሬት ላይ ተዘርሯል። ምንም አልተጠየቀም፤ ምንም ማድረግ አይችልም። አሁን ያንኑ ዓረፍተ ነገር “ጎሹ ወንበሩን አንሥቶ ደምሴን አናቱን ሊመታው ሰነዘረ” አድርጉት። ያቺ “ሊ” ናት ሕጉ። የጎሹ ቁጣ ታውቋል፣ ወንበሩ በአየር ላይ ነው፤ ውጤቱ ግን ገና አልተጻፈም። ደምሴ ጎንበስ ይበል፣ በክንዱ ይመክት፣ ወይም ይመታና ይውደቅ፣ ያንን የሚጽፈው ባለቤቱ ነው። በእንግሊዝኛ “ሙከራውን ጻፍ፣ ውጤቱን ተው” የሚለውን ለማስረዳት አንድ ገጽ ሙሉ የሚፈጁ የሰርቨር ሕጎች አንብቤያለሁ። አማርኛ አንድ ፊደል በቃው።

ድብድብ ብቻ አይደለም። “ስትገባ የቤቱ ሰው ሁሉ በውበቷ ፈዘዘ” ብሎ የሚጽፍም ጎድሞዲንግ ሠርቷል። እኔ አልፈዘዝኩም፤ ጠጄን እየጠጣሁ ነበር። በዚህ ዓይነቱ ጥፋት የሚገቡት አብዛኞቹ ክፉዎች አይደሉም፣ ልብ ወለድ መጻፍ የለመዱ ናቸው። ደራሲ የሁሉንም ልብ ማየት ሥራው ነው፤ አርፒ ውስጥ ግን ደራሲው ብዙ ነው።

ጠረጴዛ ዙሪያ በሚጫወቱት ዘንድ ይህ ችግር ቀለል ይላል። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያወጡት ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ዳኛና ዛር አለው፤ ዛር ስል የሚወረወረውን ባለ ብዙ ገጽ ጠጠር እንጂ የጎንደሩን አይደለም። ሰይፉ አገኘ ወይ ሳተ የሚለውን ቁጥሩ ይፈርዳል። ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት በተባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥም አርፒ የሚጫወቱ ሰዎች ሲከራከሩ ከ1 እስከ 100 ቁጥር የሚያወጣውን ትእዛዝ ተጠቅመው ይገላገላሉ። በጽሑፍ አርፒ ብዙውን ጊዜ ጠጠርም ዳኛም የለም። ያለው ስምምነት ብቻ ነው፤ ሕጉ መጻፍ ያለበትም ለዚህ ነው።

ስምምነቱ ሳይጻፍ ሲቀር ምን እንደሚሆን ያሳየው ቦታ ላምዳሙ ይባላል። ፓቬል ከርቲስ የተባለ ተመራማሪ ካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ሆኖ የመሠረተው፣ ሥዕል የሌለው፣ በቃላት ብቻ የተሠራ ትልቅ ቤት ነበር። ሰዎች ከየአገሩ ገብተው ሳሎኑ ውስጥ ያወራሉ፣ ክፍል ይሠራሉ፣ ዕቃ ይፈጥራሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1992 ከርቲስ እና “ጠንቋዮች” የሚባሉት አስተዳዳሪዎች ከዚህ በኋላ የሰዎችን ጠብ አንዳኝም፣ ቴክኒኩን ብቻ እንይዛለን አሉ። ብዙ ወራት አላለፉም። በ1993 ሚስተር ባንግል የሚል ስም የያዘ ተጫዋች፣ የሌሎች ገጸ ባሕርያት አንድ ነገር ያደረጉ አስመስሎ ጽሑፍ የሚያወጣ ፕሮግራም ይዞ ሳሎኑ ውስጥ ገባ። በዚያም ሌሎች ሰዎች ባሉበት ገጸ ባሕርያቱን ወሲባዊ ጥቃትና ራስን የማዋረድ ድርጊት “አስደረጋቸው”። ባለቤቶቻቸው ማያው ላይ የራሳቸውን ስም ካልጻፉት ድርጊት ጋር ሲያነቡ ማስቆም አልቻሉም።

ከዚያ የተነሣው ክርክር ረጅም ነው። ይባረር የሚሉ፣ ቃል ብቻ ነው የሚሉ፣ ሥልጣን ያለው ማነው የሚሉ ተሰብስበው ሳይስማሙ ተለያዩ። መጨረሻ ላይ አንድ ጠንቋይ በራሱ ውሳኔ ገጸ ባሕርዩን አጠፋው። ከርቲስም ተመልሶ መጥቶ ተጫዋቾች አቤቱታ የሚፈርሙበትና ድምፅ የሚሰጡበት ሥርዓት አቆመ። “ቃል ብቻ ነው” የሚለውን ክርክር ዛሬም የሚያነሣ አለ። እኔን አያሳምነኝም። እዚያ ቤት ውስጥ ሰው ያለው ነገር ሁሉ ቃል ነው፤ የተወሰደባቸውም እሱ ነው። አንድ ሰው በጠጅ ቤቱ ወንበር ያለ ፈቃድ ሲመታኝ የሚወስድብኝ ከዚያው ነገር ትንሹን ቁራጭ ነው። ለዚህ ነው ወሲብን በሚነካ ትዕይንት ላይ አብዛኞቹ ሥርዓት ያላቸው ሰርቨሮች ድርድር የማያውቁት፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ሰው በፍጹም፣ ለሌላውም ከጨዋታው ውጭ በግልጽ ተጠይቆ እሺ ካላለ በስተቀር አይጻፍም።

“ከጨዋታው ውጭ” ያልኩት ራሱ ሁለት ቃል አለው። ገጸ ባሕርይህ ሲናገር አይሲ ነው፤ አንተ ራስህ ስትናገር ኦኦሲ። በጽሑፍ ጨዋታ ኦኦሲ ንግግር በድርብ ቅንፍ ይታጠራል። ገጸ ባሕርዬ ቢሰድብህ የሰደበህ እኔ አይደለሁም፤ ድርብ ቅንፍ ውስጥ ብሰድብህ ግን እኔ ነኝ። ሌባ ሆኖ የሚጫወት ሰው በሌብነቱ አይባረርም፣ የሚከሰሰው አይሲ ፖሊስ ከያዘው ነው። ያው ሌባ ኪስህን አራግፌ ሄድኩ ብሎ በአንድ መስመር ከጨረሰው ግን አድሚን፣ ማለትም የሰርቨሩ አስተዳዳሪ፣ ይጠራል፤ ጥፋቱ የሌባው ሳይሆን የተጫዋቹ ነውና። ይህን መለየት የማይችል አድሚን የቱንም ያህል ጥሩ ሕግ ቢጽፍ አይጠቅመውም።

ጂቲኤ 5 በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ፣ ፋይቭኤም በሚባለው ሥርዓት የሚጫወቱ የከተማ ሰርቨሮች ጎድሞዲንግን ፓወርጌሚንግ ይሉታል። እዚያ ሰው ፖሊስ፣ ሐኪም፣ ታክሲ ነጂ፣ ወንበዴ ሆኖ ይኖራል፤ እንቅስቃሴውን ኮምፒውተሩ ያሳያል፣ ኮምፒውተሩ የማያሳየውን ደግሞ በጽሑፍ ይጨምራሉ። ሁለት ትእዛዞች አሏቸው። “ሚ” ገጸ ባሕርዬ ምን እያደረገ እንደሆነ ይናገራል፤ “ዱ” በአካባቢው ያለውን እውነት ይናገራል ወይም ይጠይቃል። ፖሊሱ በሚ “ኪሱን ሊፈትሽ እጁን ሰደደ” ይልና በዱ “ኪሱ ውስጥ ምን አለ?” ብሎ ይጠይቃል። ተጠርጣሪው በአፉ “ምንም የለኝም ጌታዬ” ብሎ ሊዋሽ ይችላል፤ በዱ ግን ሽጉጥ ካለው “ሽጉጥ” ብሎ መመለስ አለበት። አፍ አይሲ ነው፤ ዱ ግን በሁለት ሰዎች መካከል ያለ መተማመን ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያምር ሕግ በጨዋታ ዓለም አላየሁም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የተጠቂውን መብት የሚያጠነክር ነው፤ ችግሩ ደግሞ እዚያ ነው። የራሴን ውጤት የምወስነው እኔ ከሆንኩ መቼም ላልመታ ነው? ያ ጥይት የማይበሳው ልብስ የለበሰው ልጅ እኮ ይህንኑ መብት ነው የተጠቀመበት። የከተማ ሰርቨሮቹ ለዚህ ሁለት ሕግ አላቸው። አንደኛው ሽጉጥ ከተደቀነብህ ሕይወቱን እንደሚወድ ሰው ሁን ይላል፤ አምስት ታጣቂ ከብቦህ ጡጫ መሰንዘር ጀግንነት ሳይሆን መጫወት አለመቻል ነው። ሁለተኛው ገጸ ባሕርይህ ሞቶ ሆስፒታል ከነቃ የገደለውን ሰውም፣ የሞተበትንም ምክንያት ረስቷል ይላል። በጽሑፍ አርፒ እኔ የምከተለው ልማድ ቀላል ነው፤ መመታት አለመመታቴን ሳይሆን እንዴት እንደተመታሁ እወስናለሁ። የተሰነዘረብኝ ሦስት ከሆነ ቢያንስ አንዱን እቀበላለሁ። ብቻዬን የሽፍታ ዋሻ ከገባሁ ደግሞ መሸነፌ የታወቀ ነው፤ የኔ ድርሻ የአሸናነፉ ውበት ነው። ሁለት ሰዎች አስቀድመው በኦኦሲ ከተነጋገሩና “አንተ ጣለኝ፣ ግድ የለም” ከተባባሉ ደግሞ ጎድሞዲንግ የሚባል ነገር የለም። ፈቃድ ሁሉን ይፈታዋል።

ሕግ የሚጽፍ ሰው “ምክንያታዊ ሁን” ብሎ ቢያልፍ ምንም አልጻፈም። የሁላችንም ምክንያት የተለያየ ነው፤ ጥፋተኛውም ራሱን ምክንያታዊ አድርጎ ነው የሚያስበው። የመታውንና የሊመታውን ምሳሌ ጎን ለጎን ያስቀምጥ። ኃይለኛ ገጸ ባሕርይ መከልከልም ከንቱ ነው። አዋቂም፣ አነጣጣሪም፣ የንጉሥ ልጅም ይምጣ፤ ነገር ግን ምን እንደማይችል ይጻፍ። ዋይትሊስት የሚባለው፣ ከመግባትህ በፊት የገጸ ባሕርይህን ታሪክ በሁለት ገጽ ጻፍ የሚለው ፈተና፣ ጥሩ ጸሐፊን እንጂ ጥሩ ተጫዋችን ሲለይ አላየሁም። ቅጣቱም ከመባረር አይጀምር። የተበላሸው ትዕይንት አልሆነም ተብሎ ይሰረዝ፣ እንደገና ይጻፍ፤ ጀማሪ ከሆነ ይኼ ይበቃዋል። ሲደጋግም ግን ሌላ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን አልለሳለስም፤ ሕጉ የሰርቨሩን ባለቤትም ይሰር። ካየኋቸው ሁሉ የባሱት ጎድሞደሮች የሰርቨሩ አድሚኖችና ጓደኞቻቸው ነበሩ። ገጸ ባሕርያቸው አይታሰርም፣ መኪናቸው አይጋጭም፣ ሲሸነፉም ሕጉ በማግስቱ ይቀየራል። እ.ኤ.አ. በ1997 አልቲማ ኦንላይን የተባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ገና በሙከራ ላይ ሳለ ፈጣሪው ሪቻርድ ጋሪየት ሎርድ ብሪቲሽ በተባለው ንጉሥ ገጸ ባሕርዩ ሆኖ ሕዝቡን ሊጎበኝ ወጥቶ ነበር። ንጉሡ እንዳይጎዳ የሚያደርግ ምልክት ነበረው፤ ሰርቨሩ ተነሥቶ ሲመለስ ማብራቱን ረሳው። ሬይንዝ የሚባል ተጫዋች የእሳት አስማት ወረወረበት፤ ንጉሡም በሕዝቡ ፊት ሞተ። ሬይንዝ በኋላ ከሙከራው ተባረረ። ምክንያቱ ሌላ ነው ቢባልም ነገሩ ያኔም ዛሬም ያስቃል። ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላም የሚወራለት የጨዋታው ትዕይንት ያ ነው፤ ንጉሡ ባይሞት ኖሮ ጉብኝቱን ማን ያስታውሰው ነበር?

ከሌላ አገር የተገለበጡ ሕጎች እኛ ዘንድ የማይሠሩበት አንድ ቦታ አለ። ውጊያ ላይ እያለህ ከጨዋታው ብትወጣ ሽንፈትን መሸሽ ተብሎ ትቀጣለህ። ሕጉ ተገቢ ነው፤ ያለ እሱ የሚሸነፍ ሁሉ ገመዱን ይነቅላል። ግን የጻፈው ሰው መብራት አይጠፋበትም። አዲስ አበባ ላይ ሆኖ የሚጫወት ሰው ኔትወርኩም መብራቱም በፈለጉት ሰዓት ሲሄዱ የማይቀጣበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። እኔ ካለሁበት ቡድን ጋር የተስማማነው ይህ ነው፤ ድንገት የጠፋ ሰው ገጸ ባሕርይ ራሱን ስቶ ወድቋል ይባላል፣ እስኪመለስ ኪሱ አይነካም፣ ጠላቱም አይገድለውም።

አንድ ጊዜ እኔው ራሴ ዝናብ ውስጥ ጎራዴ ተማዝዤ ሳለሁ መብራት ሄደ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ስመለስ የተጣላሁት ሰው ገጸ ባሕርዬን ተሸክሞ በረንዳ ላይ አስተኝቶት፣ ጋቢ አልብሶት አገኘሁ። ሳይጠይቀኝ ነው የጻፈው፤ በሕጉ ቃል ከሄድን ጎድሞዲንግ ነው። ለአድሚን አልተናገርኩም።