ጊቤን ተሻግሮ ጅማ መግባት

ጅማ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። አውሮፕላን በአንድ ሰዓት ገደማ አባ ሰጉድ አየር ማረፊያ ያደርሳል፤ ጊዜ ያጠረው ሰው በዚያ ቢሄድ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ጅማ የራሷን ንጉሥ ይዛ፣ የራሷን ገበያ እያስተዳደረች ለረጅም ዘመን እንዴት እንደኖረች የሚያስረዳው የጊቤ ሸለቆ ነው። ሸለቆውን በመኪና ወርዶ፣ ድልድዩን አልፎ በወዲያኛው ወገን የሚወጣ ተጓዥ የከተማይቱን ታሪክ ግማሹን መንገድ ላይ ያገኘዋል።

ጊቤ ከሸዋና ከወለጋ ደጋዎች ውሃውን ሰብስቦ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ከጎጀብ ወንዝ ጋር ከተገናኘ በኋላ ኦሞ ተብሎ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ግልገል ጊቤ ሌላ ወንዝ ነው፤ የጅማን አካባቢ አጠጥቶ የሚመጣ የጊቤ ገባር ነው። ሁለቱን የሚያምታታቸው ብዙ ነው፤ መንገዱም ሁለቱንም ስለሚያቋርጥ ነገሩን ያባብሰዋል። ታላቁ ጊቤ ከወልቂጤ በኋላ በጥልቁ ሸለቆ ውስጥ፣ ግልገሉ ደግሞ ወደ ጅማ ሲቃረቡ በአሰንዳቦ አጠገብ ይገኛል። በግልገል ጊቤ ላይ የተሠራው ግድብ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ከዚያ የሚወጣው ውሃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ተራራ ሰንጥቆ ወደ ታላቁ ጊቤ ሸለቆ ይወርድና 420 ሜጋ ዋት ያለውን ሁለተኛውን ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። ሸለቆው ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማምጣት ይከብዳል፤ በሁለቱ ወንዞች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ብቻውን ኃይል ሆኗል።

የጊቤ መሙላትና መጉደል በዝናቡ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ውሃው ደፍርሶ፣ ግንድና ቅርንጫፍ እየገፋ ይወርዳል፤ በበጋ ደግሞ ጎድሎ ድንጋዩ ብቅ ብቅ ይላል። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን የሲራራ ነጋዴው ቀን የሚቆጠረው በዚህ ነበር። ጉዞው የሚጀመረው መስቀል አልፎ ውሃው ሲጎድል፣ የሚያልቀውም ክረምት ሳይገባ ነው። የዘገየ ነጋዴ ከነጭነቱ ከወንዙ በዚህ ወይም በዚያ ማዶ ይከርማል። ቆላው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው፤ ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ የጭነት ከብቱን ይጨርሳል። የሸለቆው ሰፊ ክፍል እስከ ቅርብ ጊዜ ሰው ሳይበዛበት የቆየው በገንዲና በወባ ምክንያት ነው።

ከወንዙ ማዶ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ የተባሉት አምስቱ የጊቤ መንግሥታት ነበሩ። ከአምስቱ መጨረሻ ላይ ጎልታ የወጣችው ጅማ ናት። ግዛቷ በቦይና በአጥር የታጠረ፣ ከአጥሩ ውጪ ሞጋ የሚባል ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት የተተወለት ነበር። መግቢያውና መውጫው በኬላዎች ብቻ ነው፤ በኬላው የማያልፍ ዕቃ፣ የማይታወቅ እንግዳ አልነበረም። የሚወጣው ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ሲሆን የሚገባው አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ማርትሬዛ ብር ነበር። ባሪያም ይሸጥ ነበር። ሂርማታ የተባለው የጅማ ገበያ ሀብት ከዚህም ጭምር የመጣ ስለሆነ፣ ስለ ጅማ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ውበት የሚያወራ ሰው ይህን ሊዘለው አይገባም።

ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነግሠዋል። አባ ጅፋር የፈረስ ስማቸው ነው፤ አባቶቻቸው ሁሉ በፈረስ ስማቸው የሚጠሩ ነበሩ። የምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲመጣ ንጉሡ ከመዋጋት ይልቅ ግብር መክፈልን መረጡ፤ በምትኩም አገራቸውን ራሳቸው እያስተዳደሩ ቆዩ። ጎረቤታቸው ከፋ ተዋግቶ እ.ኤ.አ. በ1897 ሲወድቅ ጅማ አልተነካችም። ይህን ውሳኔ ዛሬም የሚያደንቅም የሚነቅፍም አለ። አገሩ ሳይቃጠል፣ ገበያው ሳይበተን መቆየቱ ግን አያከራክርም።

ወደ መንገዱ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎንና ወሊሶን አልፎ ወልቂጤ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚያስቸግረው የመኪናው ብዛትና መንገድ የሚያቋርጠው ከብት እንጂ መልክዓ ምድሩ አይደለም። ከንጋቱ 12 ሰዓት የተነሳ ሰው 3 ሰዓት ላይ ወልቂጤ ቁርሱን ይበላል፤ 4 ሰዓት ሲል ሙቀቱ ሳይበረታ ድልድዩ ጋ ይደርሳል። በአውቶቡስ ጅማ ለመድረስ በጠቅላላው ከ7 እስከ 8 ሰዓት መያዝ ያስፈልጋል፤ መንገዱ በተጎዳበት ወቅት ከዚያም ይበልጣል። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ የሚነሳ መኪና ሸለቆውን በጨለማ ስለሚወርድ ወሊሶ ወይም ወልቂጤ ማደሩ ይሻለዋል።

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ከ1,800 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነስቶ እየተጠማዘዘ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል። አየሩ ይለወጣል፤ ሹራብ የለበሰ ሁሉ ማውለቅ ይጀምራል፣ ጆሮም ይደፈናል። አደጋ የሚበዛው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ሹፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ ይለቀዋል፣ ወይም በአራተኛና በአምስተኛ ማርሽ እየወረደ ፍሬን ላይ እግሩን አያነሳም። የፍሬን ሸራ ያለ ዕረፍት ሲታሽ ይግላል፤ ከጋለ የመያዝ ኃይሉን ያጣል፤ ፔዳሉ እየተረገጠ መኪናው አይቆምም። አስቀድሞ የሚመጣው ምልክት የተቃጠለ ሸራ ሽታ ነው። ይህ ከሸተተ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጎ ማቆም፣ ጎማው ሥር ታኮ ማድረግና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ማብረድ ያስፈልጋል። በጋለው ጎማና ፍሬን ላይ ውሃ መድፋት ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ። ለትንሽ መኪና ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ይበቃል።

ድልድዩ ላይ ፎቶ ለማንሳት የሚፈልግ አስቀድሞ ጠባቂዎቹን ይጠይቅ። ከድልድዩ ማዶ ወደ አበልቲ የሚወጣው ዳገት ተራው የሞተሩ ነው። የራዲያተር ውሃ ያነሰበት መኪና እዚህ ይፈላል። ክዳኑን ሳይበርድ መክፈት ፊትን ያቃጥላልና አምስት ሊትር ውሃ ይዞ መጠበቅ እንጂ መቸኮል አይጠቅምም። በሐምሌና በነሐሴ ከገደሉ የሚንከባለል ድንጋይና የሚንሸራተት አፈር መንገዱን ይዘጋል፤ ጠዋት ላይ ጉሙም አለ። በዚያ ወቅት ከፊት ያለውን ተሳቢ ለመቅደም መሞከር ሞት መፈለግ ነው።

በ1933 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የጣሊያን ጦር ይህንኑ የጊቤ ወንዝ እንደ ምሽግ ተጠቅሞ ማዶ ይዞ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ያሰለፋቸው የምሥራቅና የምዕራብ አፍሪካ ወታደሮች ሙላቱን ተሻግረው፣ ገረሱ ዱኪን የመሳሰሉ አርበኞችም ከበባውን አጥብቀው፣ ጅማ ሰኔ 14 ቀን ነፃ ወጣች።

ከአበልቲ በኋላ ሳጃ፣ ሶኮሩ፣ ደነባ፣ አሰንዳቦና ሰርቦ ይከታተላሉ፤ መሬቱም እየለመለመ ይሄዳል። ጅማ መግቢያ ላይ የቦዬ ረግረግ አለ፤ ወፍ ለማየት የሚፈልግ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይመለስበት። ከተማዋ 1,700 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ስትሆን በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። በበጋም ቢሆን ጃንጥላ ይያዝ፤ የሚያድር ደግሞ አጎበር ያለው አልጋ ይጠይቅ፣ ወባ አለና። አወይቱ ወንዝ መሃል ከተማውን ሰንጥቆ ያልፋል። ጣሊያን በአምስት ዓመቱ ቆይታው ጅማን የጋላና ሲዳሞ ብሎ ለሰየመው ግዛት ዋና ከተማ ስላደረጋት፣ የዚያ ዘመን ሕንፃዎች ዛሬም በመሃል ከተማው አሉ።

ጅሬን ከመሃል ከተማ በሰሜን ምሥራቅ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለ ኮረብታ ነው። በባጃጅ ይወጣል፤ ዋጋው ደርሶ መልስና መጠበቂያውን ጨምሮ ሳይሳፈሩ መስማማት አለበት፣ ከላይ የሚመለስ ባጃጅ ሁልጊዜ አይገኝምና። ከዝናብ በኋላ ቀዩ ጭቃ ስለሚያንሸራትት ጫማው የሚቆነጥጥ ይሁን። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራ ባለ ፎቅ የእንጨት ሕንፃ ነው። ዙሪያውን በረንዳ ይዞረዋል፤ በረንዳውን የሚሸከሙት የእንጨት ምሰሶዎች ናቸው። ቆሞ በረንዳው ላይ ወደ ታች የሚያይ ሰው ጅማን ከነሜዳዋ በአንድ ዕይታ ይጨርሳታል፤ ንጉሡ እዚህ የሰፈሩበት ምክንያት አይጠፋውም። ግቢው ውስጥ መስጊድ አለ። የሚሰገድበት ስለሆነ ጫማ ይወልቃል፣ ሴቶች ይሸፈናሉ፣ ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ደግሞ ለጉብኝት አይመረጥም።

የእንጨት ሕንፃ በጅማ አየር ሁለት ጠላት አለው፤ እርጥበትና ምስጥ። ጣሪያው አንድ ቦታ ካፈሰሰ ውሃው በግድግዳው ውስጥ ወርዶ የምሰሶውን እግር ያበሰብሳል፣ የበሰበሰውን ደግሞ ምስጥ ይገባበታል። ቤተ መንግሥቱ ለዓመታት የተጎዳው በዚህ ነው፤ በቅርብ ዓመታት ታድሷል። ጎብኚ ግድግዳ ከመደገፍ፣ የተቀረጸውን እንጨት በእጅ ከመዳሰስ ቢቆጠብ ለቅርሱ ያዘነ ይሆናል። የንጉሡ መገልገያ ዕቃዎች በአብዛኛው የሚታዩት ከተማው ውስጥ ባለው የጅማ ሙዚየም ስለሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል፤ ጠዋት ጅሬን፣ ከሰዓት ሙዚየም።

ጉዞው ሐሙስ ላይ ቢውል ደግሞ ገበያው ይገኛል። ሂርማታ፣ ጅማ ገና ከተማ ሳትሆን የነበረ ገበያ ነው፤ ከተማዋ ያደገችው በገበያው ዙሪያ ነው። እዚህ መገዛት ያለበት የጅማ በርጩማ ነው። ጥሩው ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ ይሠራል፤ እግሩ በሙጫ ወይም በምስማር አይገጠምም። ሦስት እግር መሆኑ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም እንዳይወላገድ ነው። ሲገዙ ገልብጦ ከሥሩ ማየት ያሻል፤ ከመቀመጫው መሃል የሚነሳ ቀጭን መስመር ካለ እንጨቱ ሳይደርቅ ተቀርጿል፣ ደረቅ አገር ሲሄድ ይሰነጠቃል። በእጅ ሲነሳ ከመጠኑ በላይ የሚከብደውም እንዲሁ ገና ውሃ አለበት። የደረቀውን ጣት አጥፎ ሲያንኳኩት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል።

ቡና ሳይዙ ከጅማ መመለስ የሚከብድ ነው። ለቤት የሚሆን ትንሽ ቡና የሚያስቸግር አይደለም፤ ጥሬ ቡና በኩንታል ያለ ፈቃድ ጭኖ መንቀሳቀስ ግን ያስጠይቃል። ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ መኪና የሚያስቆመው፣ ጭነት የሚያስፈትሸው ቦታ ዛሬም ስሙ ኬላ ነው።